አመድ ውስጥ ያደረ

መጋቢት ነው ይላል፣ ግድግዳ ላይ ቀን መቁጠሪያው፤
ማኒቶባ ግን ገና፣ ከጆሮዋ አልደረሰም ወሬው።
በረዶው ካጥሩ በልጧል፤ ደጁን ማን ይጥረግ?
የጋራዡ ጣሪያ ቆርቆሮ በነፋስ ሲያረገርግ።

ትራክተሩ በሃያ ዓመት ይበልጠኛል፤
ሳስነሳው በጎኑ «ቸፍ ቸፍ» እያለ ይተነፍስብኛል።
ከሦስተኛው ሲሊንደር፣ ጭስ ከሚወጣበት ራስ፣
ጥላሸት ተለጥፏል እንደ ደከመ ውሻ ምላስ።

ማኒፎልዱን ፈታሁ። ጊዛ ነው፤ ስድሳ ዓመት እሳት የበላ፣
በመጨረሻ በእሳት የተበላ።
ፊቱ ጎድጉዷል፤ የብረት ማስመሪያ ባጋድምበት
ከሥሩ ብርሃን ሾለከ፣ ሁለት ምላጭ የሚያሳልፍ ክፍተት።

ቸኮልኩ። ዘር ሊደርስ ነው፤ ባንኩ ደውሏል፤
ወንድሜ ዛካር «ሽጠው ይህን የዝገት ክምር» ብሏል።
በውርጩ መሐል፣ ሳላሞቀው፣ ብየዳ ለኮስኩበት፤
የተበላውን ሞላሁ፤ አማረ፤ ሄድኩ ወደ ቤት።

እኩለ ሌሊት ላይ፣
«ቀጭ!»
አንዲት ድምፅ ብቻ። ውሻው እንኳ አልጮኸም።
ከብየዳው ጎን ጸጉር የምታህል መስመር፤ አልደማም።
የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ እኔ ግን ምኑን ልልቀመው?
ስንጥቅ አይታፈስ፣ አይጠረግ፤ በምን እጅ ልሰብስበው?

ቴክላ ሃውሪሉክ መጣች፤ ጎረቤት ናት፣ ሰማንያ ያለፋት፣
አርባ ዓመት በባቡር ጋራዥ ብየዳ ያጎበጣት።
ስንጥቁን በጥፍሯ ዳሰሰች፤ አልተቆጣችም፤
«ማነው ያስቸኮለህ?» አለች፤ መልሱን አልጠበቀችም።
«ጊዛ ኩሩ ነው፤ አይታጠፍም፤ ወይ ይቆማል ወይ ይሰበራል፤
ድንገት ያሞቁት፣ ድንገት የበረደ እንደሆን፣ ቂሙን ሌሊት ይናገራል።»

ምድጃውን አነደደች። ሁሉንም አሞቅነው፣ ከጥግ እስከ ጥግ፤
«ለአንዱ ጎን አታድላ፤ እኩል ይድረሰው» ትላለች፣ ላቧን ስትጠርግ።
ከዚያ የኒኬል ዘንጉ፤ አንድ ጣት የሚያህል በየድን፣
በመዶሻ ጫፍ ነካ ነካ፤ ቆምን።
አንድ ጣት። ነካ ነካ። መቆም።
ጣቴ በላኝ ለመቀጠል፤ አልፈቀደችም።

ማታ በርሜሉን ሞላች፣ በአካፋ አመድ እየዛቀች፤
አመድ አፋሽ ይሉታል ውለታ የጠፋበትን፤ እሷ ግን ሳቀች።
ብረቱን ውስጡ ቀበርነው። «እስከ ነገ ማታ እንዳትነካው፤
ትንሽ ትንሽ እያለ እሳቱን ይርሳው።»

እስከዚያው፣ ቴስታታው ውስጥ የተቆረጠ ብሎን ነበር፣ አልወጣ ያለ።
«ሻማ አምጣ» አለች። ከፋሲካ የተረፈ ጉማጅ አለ።
ብሎኑን እስኪቀላ አጋለችው፤ ሰሙን አስነካችው፤ ጠጣ፤
በጥርሱ ዙሪያ ሰረገ፤ በፒንሳ ተዞረና ወጣ።
ሰምና ወርቅ ለሚል ሰው፣ ሰሙ ይኸው፣ ቀልጦ ጠፋ፤
ወርቁ ግማሽ ብሎን ነው፣ የዛገ፣ የጠለሸ፣ የከረፋ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ ጆሮዬን ለአመዱ ሰጠሁ።
በሩ ተከፈተ፤ ዛካር ነው። ዝም አልኩ፤ ቦታ ለቀቅሁ።
ከአባታችን ቀብር ወዲህ አንድ ጣሪያ ሥር አልተቀመጥን፤
እጃችንን ዘርግተን የበርሜሉን ቆዳ ሞቅን።
ነጋ። «ቀጭ» የሚል አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ሞረድ። መስታወቱን ሰማያዊ ቀለም ቀባን፤
ብረቱን ላዩ አሸን፤ ቀለም የነካው ከፍታ ነው፤ እሱን ሞረድን።
ደግመን ቀባን፤ ደግመን ሞረድን፤ እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን።
የቱ ከፍ እንዳለ ቀለሙ ይናገራል፤ እኛ አልተከራከርን።

ሲመሽ ፊቱ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ፣ ከአንድ ጥግ በቀር፤
እዚያ የድሮው ቁስል፣ ሽንብራ የምታህል፣ ጎድጉዳ ነበር።
ሞረዴን አነሳሁ። ቴክላ ክንዴን ያዘች፤
«ተው፤ እሱን ጓርኒሲዮኑ ይችለዋል» አለች።

ሞተሩ ተነሳ። በጎኑ የሚተነፍስ የለም።
ዛካር ስለ መሸጥ አላነሳም፤ አልተወውም ይሆናል፤ አላውቅም።
ጓንቱን ግን ትራክተሩ ወንበር ላይ ረስቶ ሄዷል፤
አልወስድለትም።
እጁን ሲበርደው ይመጣል።