ይዋሃዱ?

ጥር ላይ ኦሪሳሬ፣ ቀን ሳይነጋ መሽቶ፣
የባሕሩ ነፋስ በሩን ገፍቶ ገብቶ፣
የሚገዛኝ ጠፍቶ፣
ከመድኃኒት ቤቴ ቀረን እኔና እሱ፣
ወሬ የማያውቀው፣ ፕሮግራም አዲሱ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእጄ የጻፍሁትን
ካርድ በካርድ ሰጠሁት፤ ለየው ዓይነት ዓይነቱን፤
ስምን ከስም አምድ፣ ዕድሜን ከዕድሜ ረድፍ
አቆመው እንደ ሰልፍ።
ኅዳጉ ላይ ያለው የእርሳስ ማስታወሻ
ግን አምድ አጣ፤ ቀረ፣ ሳያገኝ መድረሻ፦
«ኤቫልድ ግራ ጆሮው ደንቁሯል፤ በቀኝ ንገሪው»፣
«የመርሌ ልጅ ሽሮፕ ይተፋል፤ በጭማቂ ስጪው»።

ከዚያ ቢጫ መስኮት ብቅ ብሎ ድንገት
«አንድ ሰው ነው» አለኝ፣ «የጻፍሽው ሁለት ቤት።»
ኤስ ኪቪ። ኤስ ኪቪ። የተወለዱት አንድ ቀን፣
አንድ ቤት፣ አንድ ሐኪም፣ ሁለቱም ዋርፋሪን።
«ይዋሃዱ?» ይላል።
ጣት ልማድ አለበት፤ «አዎ» ላይ ይወድቃል።

መንትዮቹ እኮ ናቸው፣ ሳልሜና ሴልማ፣
ባንድ ቀለም ሹራብ፣ ባንድ ዓይነት ጫማ፤
እናታቸው ራሷ የምታምታታቸው፣
የካርዴ እርሳስ ብቻ የሚለያቸው፦
«ለሳልሜ አምስት ሚሊግራም፣ ለሴልማ ሦስት አይሞላም»፤
ፊት ተመሳሰለ እንጂ ደም ደምን አይመስልም።
ደግሞም ሴልማ ሞታለች፤ ጥቅምት ላይ ቀበርናት።
ባንዲት ጠቅታ ብቻ፣ ባንዲት የጣት ስሕተት፣
ወይ ሟቿን አስነሥቼ ኪኒን ልቆጥርላት፣
ወይ ቋሚዋን እኅቷን ከነነፍሷ ልቀብራት!

«አይ» አልሁት፤ አላበኝ በዚያ ሁሉ ቅዝቃዜ፤
የሴልማን ልዘጋ ስል ትዝ አለኝ ያን ጊዜ፦
ሐሙስ ዕለት ሳልሜ በረዶዋን አራግፋ
የሟቿን ስልክ አሳየችኝ፣ በጓንቷ ደግፋ፤
«ሴልማ ኪቪ፣ መድኃኒትዎ ደርሷል» ይላል፤
ይኸው ማሽን ነው፣ ወር በገባ ቁጥር ይልካል።
«ልዝጋው?» አልኋት። ዝም።
ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች፤
«የባሕሩ በረዶ እስኪሰበር ተዪልኝ» አለች።

መድኃኒቱን ሰረዝሁ፤ ይህ ሕግ ነው፣ ግድ ነው።
መልእክቱን ግን ተውሁት፤ የሚጎዳው ማን ነው?
«የሚዘጋበት ቀን» የሚል ባዶ ሣጥን ቀርቶ
ጻፍሁበት፦ «በረዶው ሲሰበር»። ጥቂት አመንትቶ
ፕሮግራሙ መለሰ፣ በቀይ ፊደል ተቆጥቶ፦
«ቀኑ ልክ አይደለም።»