ገቢና ወጪ

ሰኞ ጧት ስልክ ጠራ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፤
ከፒኮ ደሴት ነው፤ ነፋስ ነው፣ ከዚያ ሳቅ።
«ኤቫሪስቶ ነኝ» አሉ፤ «የዓሣ ማኅበሩን
ሒሳብ ይዤ ኖርኩኝ፣ አርባ አንዱን ዓመቱን።
ገቢና ወጪ ነው፣ የማውቀው በዓለም፤
አሁን በኢሜይሌ፣ ገቢ አለ፣ ወጪ የለም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»
«ካለፈው ሳምንት።
የሰው ይገባኛል፤ የእኔ ነው የሚቀረው ከቤት።
ላክ የሚለውን ስጫን፣ አንዲት ትንሽ ክብ
ትዞራለች ብቻዋን፣ እንደ ሰከረች ንብ።»

እኛ ቤት ደንብ ነው፤ ማንም ሰው ሲደውል፣
በመጀመሪያ መንቀል፣ በሁለተኛ መትከል።
«ሞደሙን ይንቀሉት፤ ይቁጠሩ ሠላሳ።»
ጮክ ብለው ቆጠሩ፣ አንዲቷም ሳትረሳ፤
ሃያ ሰባት ሲሉ፣ ላም ጮኸች በመስኮት፤
«ሳትኩ» አሉ፤ ካንድ ጀመሩ፤ አይወዱም ስሕተት።
ተከሉት፤ መብራቱ፣ አረንጓዴው በራ፤
ክቧ ግን አላረፈች፣ ያንኑ ዙረት ስትሠራ።

«ለራስዎ ይጻፉ፤ አንድ ቃል ይበቃል፤
ከራስ ወደ ራስ ነው፤ ከሄደ ይታወቃል።»
መተየቢያው ተሰማ፣ ባንድ ጣት፣ በቀስታ።
«ምን ብለው ጻፉ?» አልኩ።
«ደህና ነህ ወይ?» አሉ፤ ቀጥሎ ዝምታ።
አልደረሳቸውም፣ ከራሳቸው የተላከ ሰላምታ።

ያኔ የበራቸውን፣ ጠየቅኋቸው ቁጥሩን፤
ሃያ አምስት ነው አሉ። አገኘሁት ችግሩን።
«ያንን በር» አልኋቸው፣ «እኛው ነን የዘጋን፤
በሰው ቤት ተሸሽጎ፣ ለሚሊዮን ሰው ውሸት የሚልክ ሌባ ስለበዛብን።»
«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ሌባ ነኝ ወይ?» አሉ።
«አይደሉም፤ በሩ ግን ሰው አይለይም፤ ለሱ እኩል ነው ሁሉ።
አምስት መቶ ሰማንያ ሰባት ይበሉ በምትኩ፤
የይለፍ ቃልዎን ሰጥተው፣ በስምዎ ይላኩ።
እዚያ በር ዘበኛ አለ፤ ማን ነህ ብሎ ይጠይቃል።»
«ደግ ነው» አሉኝ፤ «ስሙን ያልተናገረ፣ ምን ደብዳቤ ይልካል?»

ቁጥሩን ቀየሩ። ጠቅ አደረጉ።
አንድ ሄደ። ከዚያ ሦስት። ከዚያ አሥራ አንድ፦
ለጥርስ ሐኪሟ ይቅርታ፣ ስለ ውኃ ሒሳብ አቤቱታ፣
ለልጅ ልጃቸው ለኢዳሊና፣ የልደት ሰላምታ፤
«ሄደ! ሄደ!» አሉ፣ እየቆጠሩልኝ በደስታ።
ድንገት ቆጠራው ቆመ።
«የጌራልዶስ?» አሉ።
«የማን?»
«የወንድሜ። የረቡዕ ማታው።»

የወይኑን ማሳ ካብ፣ የጥቁር ድንጋዩን፣
ጌራልዶ ወደዚህ ገፋ ብለው ሁለት ክንዱን፣
ረቡዕ ማታ ተቆጥተው፣ ጽፈው ኖሯል ለካ፤
«ወንድም አልነበረኝም» የሚል ቃል፣ ከነስድቡ፣ ሳይለካ።
እንደማይሄድ አውቀው ነው፣ ላክን የተጫኑ፤
በተዘጋ በር ፊት፣ ማን ያልጀገነ ባንድ ቀኑ?

«መልሺልኝ፣ ልጄ።»
ለመመለስ የሚሆን ቁጥር፣ አንድም የለም በእጄ።
ከአፍ የወጣ አፋፍ፤ ደሴቱ ደግሞ አፋፍ ነው ዙሪያው፤
ለለቀቁት ድንጋይ፣ ባሕሩ ነው ማረፊያው።

ስልኩን አልዘጋሁም።
ደንቡ ስምንት ደቂቃ ነው፤ አርባ አንድ ሞላኝ፤
አለቃዬ ቱልዮ፣ በመስታወቱ ሰዓቱን አሳየኝ።
እኔ እጠብቃለሁ፤ እሳቸው ይጠብቃሉ።

ከዚያ አንዲት ትንሽ ድምፅ፣ ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ።
«ገባ» አሉ።
«ምን ይላል?»
«ይገባኛል ይላል።»
«ሌላስ?»
«ሌላ የለም። ይገባኛል። አንድ ቃል።
ስድቡ ነው? ካቡ ነው? ወይስ ነገሩ ገብቶታል?
ገቢ ነው መቼም» አሉ፤ «ግን የቱ ዓምድ ላይ ይጻፋል?»

መልስ አልነበረኝም። ላሟ ደግማ ጮኸች።
«ይህችን ማለብ አለብኝ» ብለው፣ ስልኩን ሳይዘጉት ሄዱ፤
እርምጃቸውን ሰማሁ፣ ባልዲውን፣ በካቡ በኩል ሲወርዱ።