ለአርባ ሦስት ሲካፈል

ሊንውድ ነው ቤቷ፣ ከፔዝሊ አለፍ ብሎ፣
ደመናው ከጣራው ጭስ መውጫ ተንጠልጥሎ።
ከመስኮቷ ደፍ ላይ፣ ከመጋረጃው ሥር፣
ስልሳ አንድ መኪና፣ ኢሽበል ስትቆጥር፣
ጣት የሚያካክሉ፣ ከዚንክ ቀልጠው የወጡ፣
አፍንጫና ጭራ ገጥመው የተቀመጡ።

ጃጓር አይደለም፤ ሮቨር፣ ኦስቲን የለም፤
የጌታ መኪና ደጇን ረግጦ አያውቅም።
ሂልማን ኢምፕ ብቻ ነው፤
ያ ሞተሩን በጀርባው እንደ ልጅ ያዘለ፣
ዳገት ላይ ሲሞቀው
እያለከለከ መንገድ ዳር የዋለ።
አንዱ ከሟች ቤት የተገዛ፣ ሆዱ ሥር በሚስማር ስም የተጫረበት፤
አንዱ ጎማ የጎደለው፤ አንዱን ልጅ ነክሶት የጥርሱ ምልክት የቀረበት።

«አንድ ለአርባ ሦስት» ይላል ማሸጊያው።
ትልቁ ተካፍሎ ይህ ነው የደረሰው።
እሷም በዚህ ሂሳብ መቀለድ ታውቃለች፤
«ጡረታዬን ማን እንዳካፈለው ገባኝ» ትላለች።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ፋብሪካ ተቀጥራ፣
የወንበር ልብስ ስትሰፋ ከሃምሳ ሴት ጋራ፣
ቀይ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቆዳ መሳይ ላስቲክ፣
ባንድ ወንበር አራት መስመር፣ ዝንፍ የማይል ልክ።
አንዴ ጠቋሚ ጣቷን መርፌው አልፎባታል፤
ጠባሳው ዛሬም አለ፤ ብርድ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግራታል።

በሰማንያ አንድ፣ በፈረንጆቹ፣ ያ ዘመን አለፈ፤
በሩ ሲቆለፍ የስንቱ ጉሮሮ አብሮ ተቆለፈ።
ዛሬ ቦታው ገበያ ነው፤ ወተት፣ ድንች፣ ሶፋ።
ኢሽበልም ጋሪዋን እየገፋች ትሄዳለች፤
ማሽኗ የነበረበት፣ አይብ መደርደሪያው ጋ፣
ምንም ሳታነሳ ትንሽ ትቆማለች።

በወሩ መጀመሪያ እሁድ፣ ከስብከቱ በኋላ፣
ሰብሳቢዎች ጠረጴዛ ይዘረጋሉ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ።
ሌኖክስ አለ እዚያ፣ ነጭ ጓንት አጥልቆ፣
ዕቃውን የሚያነሳ እንደ ጽዋ ተጠንቅቆ።
ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ኦስቲን ያሳያል፤
ሲነኩት እንደ ብስኩት ይፈረፈራል።
«ብረትም ይነቅዛል» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
መርዶ እንደሚያረዳ ሰው።

እሷ ቀለም አታይም፣ ካርቶን አታገላብጥም።
በማጉያ መነጽር፣ በመስኮቱ አሾልካ፣
ወንበሩን ነው የምታየው፤ ስፌት አለው ወይ ብላ።
ስልሳ አንድ ጊዜ ልሙጥ።
«ወንበሩን ማን ያያል?» ይላታል ሌኖክስ።
«የተቀመጠማ አያይም፤ የሰፋ ነው የሚያይ።»

በጥቅምት፣ አንድ እሁድ፣
ሰማያዊ ኢምፕ አነሳች፣ አሾለከች፣ ዝም አለች።
መስመር አለው። የተፋቀ። ከፀጉር የቀጠነ።
ቆጠረች። አምስት። ደግማ ቆጠረች። አምስት።
«ተሳስተዋል» አለች፤ «አራት ነው።»
ሠላሳ ፓውንድ የተባለውን
በዚያች ባንዲት መስመር ተከራክራ
በአሥራ ስምንት ወሰደችው።

ሌሊት፣ ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድብ
(ዝናብ አይካፈልም፤ እሱ ሁሌም ሙሉ ነው)
ዩፌሚያ ትዝ አለቻት።
ከጎኗ የምትሰፋ፣ እያንጎራጎረች ሐሳብ የሚወስዳት፣
እግሯን ከማሽኑ ማንሳት የምትረሳ፣
አርብ አርብ፣ ተቆጣጣሪው ዞር ሲል፣ አንድ መስመር የምትጨምር፣
ደመወዟን መቁረጥ አለቃውን ራሱን የሰለቸው።
ከሞተች ስምንት ዓመቷ።

ታዲያ ቀራጩ፣ ማንም ይሁን፣ የትም ይኑር፣
ሜትር ይዞ፣ ተንበርክኮ የለካው መኪና
የአርብ መኪና ነበር።

ኢሽበል መብራት አበራች።
አምስተኛዋን መስመር ልትነካት ሞከረች፤
ጣቷ አልገባም። በሩ አይከፈትም።

በኅዳር የመጀመሪያው እሁድ
ከሌኖክስ ጠረጴዛ ላይ አሥራ ሁለት ፓውንድ አስቀመጠች።
«የምን ነው?» አላት ጓንቱን እያወለቀ።
«ሂሳብ ተሳስቼ ነበር» ብላው ወጣች፣
ጃንጥላዋን ሳትዘረጋ።