የጠፉ ዕቃዎች መዝገብ

የኢሺዙካን ወንበር በጥር ነው የሰጡኝ፤
"ምንም አትለውጪ" ብለው አሳሰቡኝ።
አንዲት ክፍል፣ ምድጃ፣ ከደጅ ቀይ መብራት፣
የአውቶቡስ ማቆሚያ ከፊቷ ያላት፤
ከጀርባዋ ወደብ፣ የኩሮሃማ ባሕር
በረዶ እየዋጠ ሲያጉረመርም የሚያድር።

ምኑን ልለውጠው? ወንበሩ እንኳ ገና
ወደ ቀኝ ያዘማል፣ እሱን ለምዷልና።

መሳቢያውን ስስብ መዝገቡ ነበረ፣
ጠርዙ በሻይ ጠብታ እየጠቆረ፤
በጠባብ ጽሕፈቱ፣ ቀጥ ባለ መስመር
የሃያ ሁለት ዓመት ጉድ ሠፍሮበት ነበር፦

ጥቁር ጃንጥላ፣ አንድ ዘንጉ የተሰበረ፤ ባቡር ጣቢያው በር ላይ።
ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የላይኛው፤ ዓሣ ገበያ፣ የበረዶ ሣጥን ውስጥ።
(ባለቤቱ መጥቶ ወስዷል። አፉን ሸፍኖ ይስቅ ነበር።)
የሠርግ ቀለበት። ማንም አልጠየቀም።
አንዲት ዶሮ፤ በሕይወት ያለች።
ሦስት መቶ አርባ የን፣ በመሐረብ የተቋጠረ።
አንድ ሽማግሌ፣ ቤቱ የጠፋው። እስከ ደጁ አድርሼዋለሁ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በኅዳር ማለቂያ፦
"የልጅ ጓንት፣ የግራ፤ አውቶቡስ ማቆሚያ፤
ያገኘው ሰው፦ እኔ። ቀለሙ፦" ብሎ
ከዚያ ወዲያ ባዶ፤ ነገር ተንጠልጥሎ።

ጩኸት ሰምቶ ነው የተነሣው።
የዝናብ ልብሱን ከመስቀያው አላወረደም፣
ውጭው ግን ዶፍ ነበር።
ማቆሚያው ላይ ተማሪዎች ተሰልፈዋል፤
አንድ ሰው ደግሞ፣ እዚህ ማንም ስሙን የማይጠራው፣
የዓሣ መክተፊያ ቢላ ይዟል።
ሽጉጡን አላወጣም። ከዚያ ሰው ኋላም ልጆች ነበሩ።
እጁን ዘርግቶ መካከል ገባ፤
"ለሌላ ሰው ጃንጥላ እንደሚዘረጋ፣ እንዲያ"
ትላለች ባለ ሩዝ ቤቷ፣ ወይዘሮ ሳዋጉቺ፣
ሌላ ነገር ስጠይቃት ደግሞ ስለ ሩዝ ዋጋ ታወራለች።

ሰባት ልጆች ወደየቤታቸው ገቡ።
እሱ እርጥቡ አስፋልት ላይ ቀረ።

ቃሉ አንድ ነው፤ ዕቃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣
ሰውም እንዲሁ።
ዕቃን ግን ሦስት ወር እንጠብቀዋለን፤
ባለቤት ካልመጣ ያገኘው ይወስደዋል። ሕጉ ነው።
ቀኑን ቆጠርኩለት፦ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት።
ማንም ካልመጣ ጓንቱ የኢሺዙካ ሊሆን ነው፤
ሚስቱ ቶሚኤ፣ ልጅ ያልወለደችው ቶሚኤ፣
አንድ የግራ እጅ ትንሽ ጓንት ልትወርስ ነው።
ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

አራት ቀን ሲቀረው በሩ ተንኳኳ።
ሚናሆ ትባላለች፤
ከጠረጴዛው በላይ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው።
ቀኝ እጇ ጓንት ለብሷል፣ ግራው ኪሷ ውስጥ ነው።
እናቷ ውጭ፣ ለማቆሚያው ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

ጓንቱን ሰጠኋት፤ ጣቶቹን ቆጠረች፣
አምስቱም መኖሩን አረጋገጠች፣
ስሟን በጠማማ ፊደል አሰፈረች፤
ከዚያ ቀና ብላ "ያገኘውስ?" አለች።

"መምህራችን ብላለች፣ ያገኘ ሰው ይመሰገናል።
የት ነው ያለው? ሄጄ ልንገረው።"

ሃያ አራት ዓመቴ ነው።
ማሰልጠኛው ብዙ ነገር አስተምሮኛል፣ ይህን ግን አይደለም።
በጣቴ አላመለከትኩም፤ ዓይኔ ነው የከዳኝ፣
ወደ መስቀያው፣ ወደ ዝናብ ልብሱ።
ዓይኔን ተከትላ ሄደች፤ ከልብሱ ሥር ቆመች፤
ጎንበስ አለች፣ እጅግ ዝቅ፣
የጀርባ ቦርሳዋ አናቷ ላይ እስኪንሸራተት።
ለባዶው እጅጌ "አመሰግናለሁ" አለችው።

ሲሄዱ መዝገቡን ከፈትኩ።
"ለባለቤቱ ተመልሷል" ብዬ ቀንና ፊርማ አኖርኩ።
ቀለሙን ግን አልሞላሁም። አይቼዋለሁ፣ አውቀዋለሁ፤
መስመሩ የእሱ ነው።

ተነሥቶ ወጣ እንጂ፣
ጨርሶ አልሄደም።