ዋጋው በስምምነት

«የሚሸጥ ቤት» ብሎ ሻፊ በቀይ ቀለም
ጻፈልኝ ቆርቆሮ ላይ፤ ፊደሉ አላማረም።
ከሥሩ «ዋጋው በስምምነት»፣ ከዚያ ስልኩን ጨምሮ፣
በአንድ ሚስማር ብቻ በሬ ላይ ቸንክሮ፣
«ለአንድ ወር ነው እትዬ፣ ሁለት አይሻም» አለ።

ያ ወር አስራ አራት ሆነ። ሚስማሩ ዝጎ ዝጎ
ፈሰሰ በጽሑፉ ላይ፣ ቀዩን ቡኒ አድርጎ።

መጀመሪያ ሰሞን ሰው ይጎርፍ ነበረ፤
ባጃጅ በር ላይ ቆሞ፣ ሌላ እየጨመረ።
አንዱ ግድግዳውን በጣቱ ቆርቁሮ፣
አንዱ ጣራ ቆጥሮ፣ ስንት ነው ቆርቆሮ፤
አንዷ አቮካዶው ሥር ሽቅብ እያየች
«ፍሬውም አብሮ ነው?» ብላ ጠየቀች፤
ስትሄድ በነጠላዋ አራቱን ቋጠረች።

በጥቅምት አንድ ሰውዬ ያልኩትን ሊሰጥ ነበረ፤
«ትንሽ ይጨምራል» ብዬ፣ ልቤ እየሰከረ።
በጥር ሩቡ ጎደለ፣ በሚያዝያ ሲሶው ሄደ፤
ያ የጥቅምት ሰውዬ፣ ደውዬ ስለምነው፣ «እኔ?» ብሎ ካደ።

ወንድሜ ነጂብ ካጋሮ እሁድ እሁድ ማታ
«እህስ? የኔስ ድርሻ?» ይላል በሰላምታ ቦታ።
እሱም እውነቱን ነው፤ አይሱዙው ቆሟል፣
እንደ አባታችን ቤት ገዢ ሲሻ ከርሟል።

ሻፊ ኮቱን ሰብስቦ
«ገበያው ተኝቷል» ይላል ድምፁን አለዝቦ፣
አጠገቡ ያለ ሕፃን እንዳይነቃ አስቦ።
ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ በየበሩ ቆርቆሮ፤
ጅማ ራሷን ለራሷ ልትሸጥ ነው ዘንድሮ።
ሐሙስ ሂርማታ ብወርድ ድንች ልገዛ ብዬ
ሻጯ ትጠይቀኛለች፣ «ተሸጠ ወይ እትዬ?»
«ድንችሽን መዝኚ» አልኳት፤ እሱስ ገዢ አለው።

ሁሉም የሚጠይቁኝ ስለ ጓዳው በር ነው፤
«ወደ ውጪ የሚከፈት፣ ምነው? ለምንድነው?»
ሻፊ አስጠንቅቆኛል፦ «ለነፋስ ነው በይ፤
ስለ አዌቱ ሙላት ትንፍሽ እንዳትይ።»
«ለነፋስ ነው» እያልኩ ስንቱን ሸኘሁ በሱ፣
እዚች ጉድጓድ ሰፈር የት አለ ነፋሱ!

ሰኔ ላይ መጡ አንድ ቀን ጎረምሳና ሚስቱ፤
ጃንጥላው ለሷ ነው፣ እሱ ርሷል ደረቱ።
እርጉዝ ናት። በዝግታ ጓዳ ገባችና
«አልጋው እዚህ» አለች፣ ድምጿ ቀጠነና።
«ለነፋስ» ልል ስጀምር ምላሴ ከበደኝ።
ነገርኳት። አባቴ ያን ሌሊት በጀርባው እንዳዘለኝ፣
አዌቱ እንዴት ወጥቶ ከአልጋው እግር እንደደረሰ፣
ሳንቃው አብጦ አልሳብ ብሎ፣ በመጥረቢያ እንደፈረሰ፤
ውሃው ሲጎድል በማግስቱ ማጠፊያውን ነቅሎ
ወደ ውጪ እንደገጠመው፣ «ሁለተኛ አልያዝም» ብሎ።

«ከዚያ ወዲህስ?» አለች። «ሁለቴ» አልኩ። «እስከየት?»
«ባለፈው እስከ ደፉ። ከዚያ በፊት፣ እስከ ቁርጭምጭሚት።»

ሻፊ ከበሩ ቆሞ ጥርሱን ያፋጫል፤
ባልየው ዝም ብሎ ጃንጥላ ያጣጥፋል።
አመስግነው ወጡ።
እስካሁን አልመጡ።

ሻፊ ግን አልሄደም። ተቀመጠ በርጩማው ላይ፤
ስድቡን ስጠብቅ ቆይቼ፣ ቀና ብዬ ፊቱን ሳይ፣
«እኔም» አለ፣ «ቆጪ ያለውን ሁለት ዓመት ሆነኝ፤
ላንቺ ሰው አመጣለሁ፣ ለኔ ማን ያመጣልኝ?»
ሳቅን። ዝናቡ በረታ። ከቆርቆሮው በላይ ሳቅን።

ሌሊት ዝናቡ ባሰ። ሰሌዳው ሲወድቅ ሰማሁ፤
ባትሪ ይዤ ወጥቼ ከጭቃው ውስጥ አነሳሁ።
የሻፊ ስልክ ቁጥር ሁለት አሃዝ አጥቷል፤
ከላይ «በስምምነት» የሚለው ግን ቀርቷል።
በደፉ ላይ አቆምኩት፣ በብሎኬት ደግፌ፣
ጽሑፉን ወደ ወንዙ፣ ለውሃው አሰልፌ፤
ማንበብ ይችል እንደሁ።

ከዚያ የጓዳውን ማጠፊያ ዘይት ቀባሁና
በትከሻዬ ገፋሁት። ይከፈታል ገና።