ደንገጎ ቁልቁል

አባቴ በያጅ ነበር፣ ከባቡር ጋራዡ፤
ሲሞት ለእኔ የቀረ ይኸው ነው መዘዙ፦
አንድ ጥቁር ፊሊፕስ፣ ኮርቻው የላላ፣
ደወሉ በጧቱ ከሰው የሚጣላ።
ድሬ ሜዳ ናት፣ አቦ! ዳገት አታውቅም፤
ከገንደ ቆሬ ሳቢያን ቢሄዱ አያደክምም፣
ፀሐይዋን ከቀደሟት።
እኔም ሃያ ዓመት፣ ጠመኔ በኪሴ፣
እንዲሁ ተመላለስኩ፣ በነፋስ ተነፍቶ ልብሴ።

ዓምና እቁብ ወጣልን። ነጂባ አለች፦ «በቃ፤
ከኋላህ ተንጠልጥዬ ወገቤ ተንቃቃ።»
ነጭ ቪትዝ ገዛን። መንጃ ፈቃድ ያላት እሷ፤
የእኔ ድርሻ ማጠብ፣ ሸራ መግፈፍ ከራሷ።
ኒሙ ሥር ቆመች፤ ወፎች በላይዋ አርፈው ቀቧት፤
እኔ ግን በየማለዳው ደወሌን መትቼ ተሰናበትኳት።

ጎረቤቴ ቡሽራ፦ «መኪና ቆሞ ሳይክል ይጋለባል?
ፈረስ እያለው ሰው በፍየል ይሄዳል?»
አማቴ በስልክ፦ «ከሰረ ይሉታል፣ ልጄ፤
ስንቱን ልመልስ እኔ፣ ቆሜ ከደጄ?»

መልስ ነበረኝ። ለሁለት ዳቦ ሞተር ማስነሳት
ጉንዳን በመድፍ መምታት።
ነዳጁ በወረፋ፣ ወረፋው ፀሐይ ላይ፤
ደግሞስ መስኮት ዘግቼ ማንን ሰላም ልበል፣ ማንን ቆሜ ልይ?
እውነት ለመናገር ግን፣ ኩራትም ነበረበት፤
ከሰንሰለቱ ግራሶ ጋር አብሬ የምቀባው እብሪት።

አንድ ሌሊት የኢልሃም ደረት ያፏጭ ጀመር።
ነጂባ ቁልፉን አዞረች፦ ክ... ክ... ክ። ከዚያ ጭር።
ሦስት ሳምንት ያልተነዳች፤ ባትሪዋ ሞቶ ነበረ።
ሳይክሉ ግድግዳውን ተደግፎ አፈረ፤
ትንፋሽ ላጠራት ልጅ እሱ ምን ሊሆናት?
በሽርጥ ወጥተን ገፋናት።
ያ ተሳላቂ ቡሽራ በባዶ እግሩ ገፋ፤
ሦስተኛው ላይ አገሳች፣ ሰፈሩ በጭስ ጠፋ።

ድል ጮራ አድረን፣ ልጅቷ ጭኔ ላይ ተኝታ፣
ስንመለስ ነጂባ አንድ ቃል አልወጣት፣ ደቻቱን እስክንሻገር፣ እስክንገባ ቤታችን፣ እስኪነጋ።
ከዳገት ይከብዳል የሷ ዝምታ።

በሳምንቱ ፍሪጁ ላይ በእርሳስ ጽፋ ለጠፈች፦
ዳቦ፣ ሳይክል።
ትምህርት ቤት፣ ሳይክል።
እናቴ ዘንድ፣ መኪና።
ሌሊት፣ ምንጊዜም መኪና።
ዓርብ ዓርብ፣ የትም ባንሄድ ሞተር ይነሳ።
ኩርፊያ፣ በእግር።

ፈረምኩ።

ትናንት ከሐረር ስንመለስ ሳይክሉ በጣራዋ ላይ
በአሮጌ ከመነዳሪ ታስሮ፣ የበዓል በግ መስሎ ከሩቅ ሲታይ፣
ደንገጎ ላይ አቆመችና «ውረድ» አለችኝ፤
ቋጠሮውን ፈታች፣ መሪውን አስያዘችኝ።
ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል፤ ታች ያለችው ድሬ ግን
እስትንፋሷን ትልካለች፣ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ፣ ልታሞቀን።
አንድ ኩርባ፣ ለብታ።
ሌላ ኩርባ፣ ሸሚዜን ፈታሁ።
ፍሬኑ ያለቅሳል፤ የሃምሳ ዓመት ሰውዬ እስቃለሁ።
ኢልሃም አንገቷን በመስኮት አውጥታ፦
«የሚቀጥለው ኩርባ የኔ ነው!» ትላለች።
እናቷ ሁለቱን ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም እያደረገች
ሲኖትራኩን ከጀርባዬ ታግዳለች፣
መቅደም ስትችል አትቀድመኝም።

ደወሌን መታሁላት።
በጥሩንባ መለሰች።