ቸኮል ሲቆም

ስሙን ቸኮል ብለው ያወጡለት ሰዎች
አላዩትም ዛሬ በአፉላ መንገዶች፤
ሃምሳ እርምጃ ሄዶ ባቱ ሲጨመደድ፣
ግድግዳ ተደግፎ ከራሱ ጋር ሲዋረድ።

ሰው እንዳያውቅበት ዘዴ አለው፤ ይቆማል
ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት፣ ዋጋ ያነብባል፤
ቀጥሎ ከባንኩ፣ ቀጥሎ ከሎቶ፣
ቀጥሎ ከፕሮስፔር ሱቅ፣ ሱፍ ገዝቶ፤
መቶ ግራም ሙሉ፣ በጨው የተቆላ፣
ጥርሱ ላለቀ ሰው፣ ላይቆረጥም፣ ላይበላ።

ስንዱ ካፖርቱን ልታጥብ ኪሱን ብትገለብጥ
ዐሥራ አንድ ከረጢት ወደቀ፣ አፉ እንደታሰረ።
«እንግዲህ ተናገር» አለችው።
እሱም ተናገረ።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ
ሕመም አሻግራለሁ፣ በሰዓት ተከፋይ፣ እንደ ጀልበኛ።
ነርሷ ሪም ክንዱን ለካች፦ መቶ አርባ።
ቁርጭምጭሚቱን ለካች፦ ሰባ።
ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ፣ ብዕር በሚያህል መሣሪያ
በእግሩ ጀርባ ላይ ድምፅ ፈለገች።
ግራው፦ ሸው፣ ሸው፣ ሸው፣ በወንፊት እንደሚነፋ ዱቄት።
ቀኙ፦ ዝም።
ቆይቶ፣ ሰው በሌላ ክፍል የሚተነፍስ የሚመስል።

ዶክተር ላሪሳ፣ ሩሲያኛ በተጫነው ዕብራይስጧ፣
«ደም ቅዳው ጠቧል» አለች፤ «ፊኛ እናስገባለን።»
እኔም እንዳለ አቀበልኩት።
«ሽንቴን ምን አገኘው? እግሬን ነው ያልኩት!»
ሪም ሳቀች፣ ሳይገባት። እኔን ላብ አሰመጠኝ፣
አማርኛ አንድ ቃል ለሁለት ነገር ሲሰጠኝ።
«የልጆች ፊኛ፣ የልደት፣ የሚነፋው» ብል ባሰ፤
«ደግሞ በልደት?» አለና ከንፈሩን ነከሰ።

ያኔ ላሪሳ ምስሉን ወደ እሱ አዞረችው፤
ከጭኑ መሐል ተቆርጦ የቀረ ነጭ መስመር።
ቸኮል ጎንበስ አለ። መነጽሩን ጠረገ።
ሃያ ሁለት ዓመት በሸለቆው እርሻ
ውኃ በጠብታ የሚያጠጣ ቱቦ የዘረጋ ሰው ነው።
«ኖራ ነው» አለ። «እኛም ጋ ይጋገራል።
መስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ጥጥ ቀድሞ ይጠወልጋል።»
ጣቶቹን አየ፣ የቀኝ እግሩን፣ የጠቆሩትን።

ተረጎምኩላት። እርሳሷን አስቀመጠች።
«በየት ነው የምትገቡት?» አለ፣ እንደ ባለሙያ ለባለሙያ።
«በግራ ብሽሽት።»
«የታመመው ቀኙ!»
«ሆድ ውስጥ መንታ መንገድ አለ፤ እዚያ ይታጠፋል።»
«እ» አለ። «ደህናው መስመር ለታመመው ይደርሳል።»

ረቡዕ ዕለት እኔም የእርሳስ ሽርጥ ለብሼ ቆምኩ።
አላስተኙትም፤ ቦታውን ብቻ አደነዘዙ።
እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ በስክሪኑ ላይ ዋኘ።
ቀለሙ ሲረጭ «ሞቀኝ» አለ፣ «እስከ ጥፍሬ።»
ፊኛው ተነፋ፤ ጥርሱን ነከሰ፣ ያሉትን ጥቂት፤
የሽቦ ቀፎ ትተውለት ወጡ፣
የምስር ፍሬ በምታህል ቀዳዳ።

ማታ ሪም በእግሩ ላይ በሰማያዊ ብዕር
የመስቀለኛ ምልክት አደረገች፦ «እዚህ ጋ ይመታል።»
ግን እንዳይታጠፍ ታዟል፤ እጁ አይደርስም።
ስንዱ ጣቷን ምልክቱ ላይ አኖረች።
«አለ?»
«አለ።»
መብራቱ ጠፋ። «አሁንስ?»
«አለ፣ አንተ ሰውዬ፣ ተኛ።»

ላሪሳ ስታሰናብተው «ኖራው ሊመለስ ይችላል፤
ኪኒንህን ዋጥ፣ በየቀኑ ሂድ» አለችው።
«አውቃለሁ» አለ። «ቱቦ እኮ ነው።»

ከወር በኋላ፣ ስንዱ ናት የነገረችኝ፣
መድኃኒት ቤቱን አለፈ፤ ባንኩን፣ ሎቶውን አለፈ፤
ፕሮስፔር መስፈሪያውን እንደያዘ ወጥቶ
«ምነው? ተቀየምከኝ?» ብሎ ጮኸ ከኋላው።
ቸኮል ተመለሰ። መቶ ግራም ገዛ፣
ሳያመው።

ለእኔ ነው የላከው። ይኸው እየቆረጠምኩ ነው፤
ገለባው ወረቀቱን ሞላው፣
ለፊኛ ሌላ ቃል አሁንም አላገኘሁም።